«አፉን ሲፈታ ያምጡት»



ከዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሳለሁ፣ በምዝገባ ቀን አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩትን እስክሪብቶዎች ግን በየቀለማቸው ለይቶ ደረደራቸው። ደወል ሲደወል ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። እኔም «አፉን ሲፈታ ያምጡት» ብዬ መለስኳቸው። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኦቲዝም አብሮ የሚወለድ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። እርግማንም፣ ቡዳም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። ክትባትም አያመጣውም። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማይጠቁም፣ አንድን እንቅስቃሴ የሚደጋግም፣ ድምፅ የሚረብሸው ሕፃን ካለ ጆሮውንም ሆነ እድገቱን ማስመርመር ይገባል። «ወንድ ልጅ ሲዘገይ ነው አፉን የሚፈታው» እያልን የምናሳልፋቸው ዓመታት ድጋፍ ይበልጥ የሚጠቅምባቸው ናቸው።

እዚህ ናይሮቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት እንጨምራለን፤ «አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ተደበላልቆበት ነው» እንላለን። ብዙ ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም። ስለዚህ እናት ለልጇ የምታንጎራጉርበትን አማርኛ መተው የለባትም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ሲሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ሥራቸው ያኮራል። ነገር ግን ለአንድ ልጅ ሲባል እናት ትምህርት ቤት እስከ መክፈት የደረሰችው እኛ መምህራን በር ስለዘጋን መሆኑን መርሳት የለብንም።

«ባለሙያ የለንም፤ ክፍሉም ሞልቷል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው። ለአንዳንድ ልጆች መደበኛ ክፍል ብቻውን አይበቃም። ሆኖም የዕለቱን ፕሮግራም በሥዕል መለጠፍ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ መንገር፣ ጫጫታ ሲበዛበት የሚያርፍበት ጥግ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ የሚወደውን፣ የሚያስፈራውንና የሚያረጋጋውን ደግሞ ከማንም በላይ ወላጁ ያውቃል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በመጪው ምዝገባ ልጃችሁን አትደብቁ፤ ሁሉንም ንገሩን። የነገራችሁን ነገር ልጁን መመለሻ ሰበብ አናደርገውም። ይህን ቃል የምገባው ያን ቀን ልጃቸውን አዝለው ከቢሮዬ የወጡትን እናት እያሰብኩ ነው።