ሙታንን አታስጨፍሩ!

ሰሞኑን በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዘወተር ጨዋታ አለ። የመቶ ዓመት ፎቶግራፍ ይፈለግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጣል። ወዲያው ፎቶው ላይ ቆማ የነበረችው ደናሽ ክንዷን ታወዛውዛለች፣ ትሽከረከራለች። ከሥሩ ታሪክ ነፍስ እንደዘራ ይጻፋል፤ ላይኩ ይጎርፋል።

ለመሆኑ ደናሿን የጠየቃት አለ?

ኢሳዶራ ደንከንን እንውሰድ። የባሌት ጫማውን አሽቀንጥራ በባዶ እግሯ መድረክ የወጣች፣ የዘመናዊ ዳንስ እናት ከሚባሉት አንዷ ናት። በ1920ዎቹ መግቢያ (እ.ኤ.አ.) ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ስታይከን አብሯት ግሪክ ሄደ። አክሮፖሊስ ላይ ስትደንስ በፊልም ሊቀርጻት ተስማምታ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ግን ሐሳቧን ቀየረች። ስታይከን በኋላ እንደጻፈው፣ ዳንሷ በተንቀሳቃሽ ምስል ከሚቀር እንደ አፈ ታሪክ ሲወራ ቢኖር መረጠች። እሱም ከሆቴሉ የአስተናጋጆች አለቃ ካሜራ ተውሶ ፎቶ አነሳት። በፓርተኖን ዓምዶች መሀል እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የምትታየው ያኔ ነው።

እንግዲህ በቁሟ እምቢ ያለችውን፣ በ1927 ከሞተች በኋላ አንድ አፕ እሺ ያሰኛታል!

«የድሮው ፎቶስ ቢሆን ተቁሞለት የተነሣ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ብዙው እንደዚያ ነው። ባርባራ ሞርጋን ማርታ ግራሃምን ያነሳችው ትርዒት መሀል ተሻምታ አልነበረም። መጀመሪያ ዳንሱን ደጋግማ አየች፤ ከዚያ የትኛው ቅጽበት ዳንሱን እንደሚሸከም መርጣ፣ ግራሃም እንደገና ለካሜራው ደነሰችላት። በ1940 የተነሣው፣ ቀሚሷ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ እግሯን ወደ ኋላ የሰነዘረችበት ዝነኛ ፎቶ የዚህ ልፋት ውጤት ነው። ቅጽበቱን የመረጡት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ፎቶው አሳያለሁ አይልም። አፑ ግን ያንን ክፍተት ከማያውቃቸው ሰዎች አካል በለቃቀመው ይሞላና የግራሃም ነው ብሎ ያቀርባል።

ጉዳቱ ደግሞ አስቀድሞ ታይቷል። ቫስላቭ ኒጂንስኪ ሲደንስ የሚያሳይ የታወቀ ፊልም የለም። ክርስቲያን ኮምት የተባለ ፈረንሳዊ አርቲስት ከድሮ ፎቶዎች አኒሜሽን ሠራለት። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ብዙ ሰው እውነተኛ ፊልም መሰለው፤ በሌለ ፊልም የሰውዬውን ችሎታ የሚመዝንም ተገኘ።

እንቅስቃሴውን የምር ለፈለገ ሌላ መንገድ ነበረ። ኒጂንስኪ በ1912 ፓሪስ ላይ ያሳየውን የፋውን ዳንስ በ1915 ራሱ በፈጠረው ምልክት በወረቀት አስፍሮት ነበር። አን ሃቺንሰን ጌስትና ክላውዲያ ጄሽከ በ1980ዎቹ ያንን ጽሑፍ ምልክት በምልክት ፈትተው ዳንሱን ለሕያዋን ደናሾች መለሱት፤ ስማቸውንም ፈረሙበት። እርግጥ ሥራው እንደ አፑ በሰኮንድ አላለቀላቸውም።