ራስ ምታቱን በድምፅ አታሳብቡ

መተማ የሚወርደውን ወቅታዊ ሠራተኛ ራስ ምታትና መደንዘዝ ከጄኔሬተር ወፍራም ድምፅ ጋር ያያያዘው ጽሑፍ የተደገፈው በአይጦች ላይ በተሠራ ሙከራ ነው። ሙከራው እውነት ነው። የቻይና ተመራማሪዎች አይጦችን 8 ሄርዝና 130 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ አጋልጠው አንጎላቸው ላይ ጉዳት አይተዋል። ጸሐፊው ግን 130 የሚለውን ቁጥር ዘለለው። ዴሲቤል 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩ 80 ዴሲቤል ቢጮህ 130 ዴሲቤል የዚያ 100,000 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ዋነኛ ድምፁ 50 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ እንጂ እንደ 8 ሄርዙ ጆሮ የማይሰማው ስውር ሞገድ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ እንቅልፍ ይነሳል፤ ይህን አልክድም።

የሚያስቆጣኝ ሌላው ነው። በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ፣ ሰውነቱ ወባን ያልለመደ ወጣት ራሱን ሲያመውና ሲቀባዥር ወባው አንጎሉ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ይገድላል። ጄኔሬተሩ በተዘጋ ክፍል ከሠራ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ይዞ አንጎልን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ጉዳዩ የአንጎል ኬሚስትሪ ከሆነ እውነተኛው አደጋ ይህ ጋዝ ነው፤ ጽሑፉ ግን ስለ ጄኔሬተሩ ጭስ አንዲት ቃል አልጻፈም። ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ከታየም በዚያ ቆላ ካላዛር የተባለው በሽታ መጠርጠር አለበት።

ድምፁ ነው የተባለ በሽተኛ ጆሮውን ደፍኖ ይተኛል፤ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ጸሐፊው ማረሚያ ያውጣ፤ ትኩሳት ያለበት ሁሉ በዚያው ቀን ደሙን እንዲመረመር፣ ጄኔሬተርም ከመኝታ ክፍል እንዲወጣ በግልጽ ይጻፍ።