«ሃከር አልገባም» መልስ አይደለም

በሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ዘንድ የሰፈነ እምነት አለ፤ የይለፍ ቃሉ ከጠነከረ፣ በስልክ የሚላከው ኮድም ከተጨመረበት፣ ሥርዓቱ ተጠብቋል ይባላል። ጅቡቲ ውስጥ ጋቦዴ ያለ ኢትዮጵያዊ ትራንዚተር ይህን ቢሰማ ይስቃል። የዶራሌ ወደብ መግቢያ ካርድ በሩን ያሳልፋል እንጂ ኮንቴይነር አያስነሳም፤ የኮንቴይነሩ ቁጥር የሰፈረበት ዴሊቨሪ ኦርደር (የማስረከቢያ ትእዛዝ) ያስፈልጋል።

ፕሮግራመሮች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛ ፍተሻ ነው፤ የገባው ሰው ለጠየቀው ነገር ፈቃድ እንዳለው ማጣራትን። የዓለም ኮድ የሚከማችበት ጊትሀብ እንኳ ዘሎታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 ሩሲያዊው ኢጎር ሆማኮቭ በገዛ አካውንቱ ገብቶ፣ ኮድ ለመላክ የሚያገለግለው ቁልፍ በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ የሌላ ሰው መለያ ቁጥር ጨመረ። ሰርቨሩ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ሳያጣራ ቁልፉን ሬይልስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮጀክት አባል ስም መዘገበለት፤ እሱም የሬይልስ ኮድ ውስጥ እንደ ቤተኛ ገብቶ ጻፈ። የማንንም የይለፍ ቃል አልሰረቀም። ቀደም ብሎ ስለ ችግሩ ቢናገርም ሰሚ አላገኘም ነበር። ጊትሀብ ግን አካውንቱን አገደበት (ወዲያው መልሶለታል)።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የጊትሀብ ንብረት በሆነው የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ፣ ኤንፒኤም ላይ የባሰ ተገኘ። አንዱ ክፍል ፈቃድ የሚያጣራው በጥያቄው አድራሻ ላይ ባለው የጥቅል ስም ነበር፤ አታሚው ክፍል ግን የሚያምነው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ስም ነው። የራስን ስም አሳይቶ የሌላውን ጥቅል አዲስ እትም ማውጣት ይቻል ነበር።

እኛ ዘንድ መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሄዱን ገልጾ፣ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስረዳ። ይህ እንደ ማጽናኛ መነገሩ ይገርመኛል። ሰብሮ የገባ ሌባ ከሌለ፣ ገንዘቡን ያወጣው የባንኩ የራሱ ሥርዓት «ይፈቀዳል» ብሎ ነው። ወሬው ግን በአብዛኛው ገንዘብ ስላወጡ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ሆነ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶም ተለጠፈ። ገንዘቡ መመለስ ነበረበት፤ በዚህ አልከራከርም። የደንበኛው ኀፍረት ግን የፈቃድ ፍተሻን ቀዳዳ አይደፍንም።

ኮድ የምትገመግሙ ሁሉ፦ ሁለት አካውንት ክፈቱ፤ በአንዱ ገብታችሁ የሌላውን መረጃ በመለያ ቁጥሩ ጠይቁ። ከተከፈተላችሁ ሥራው አላለቀምና ለሕዝብ አትልቀቁት።