የቤት ሥራው በቴሌግራም ተልኳል

የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ኦንላይን ሲዞር ከተነገሩን ምክንያቶች ትልቁ ስርቆትን ያስቀራል የሚለው ነበር። አሁን ያው ምክንያት ወደ ቤት ሥራ እየወረደ ነው። ተማሪው ከወዲሁ እንዲለምደው የሒሳብ መልመጃ በቴሌግራም ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ባሕር ዳር ውስጥ የማውቃቸው መምህራን ጆሮ ደርሷል።

እስኪ ስርቆቱን እንየው። በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው የተሰረዘው ወረቀቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተበተነ ነው። ድጋሚው ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009ም በ2011ም ተማሪ እንዲፈተን ተብሎ ኢንተርኔት ጠፋ። መንግሥት የሌባ መንገድ ነው ብሎ ሲዘጋው የኖረውን አሁን ዘበኛ አድርጎ ሲሾመው፣ መሐል ላይ ምን እንደተለወጠ ቢያስረዳን ደግ ነበር። የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ፈተናው ወረቀት ነው፤ ኮምፒውተር የለም። ኩረጃውን የያዘው የፈታኙ ዓይን ነበር ማለት ነው። ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ መልመጃ የሚሠራውን ልጅ ማን ይፈትነዋል?

ይህንኑ የሞከሩ አንድ መምህር ስልካቸውን አሳዩኝ። የደብተር ፎቶ በፎቶ ላይ ተደርድሯል፤ የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው የተሳሳተች የመቀነስ ምልክት ግን ከሁሉም ላይ አለች። አንዱ ሠራ፣ ግሩፑ ገለበጠ። የምርጫ መልስ ብቻ ቢልኩላቸውማ ይቺን ምልክት እንኳ ባላዩዋት ነበር፤ ሒሳብ መምህር ደግሞ የሚፈልገው መልሱን ሳይሆን ልጁ የሳተበትን መስመር ነው። የሚያርሙት በራሳቸው ዳታ፣ በዚያችው ደመወዝ መሆኑን አልጨምርም።

የኔትወርኩን ነገር አላነሳም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የከረመውን የባሕር ዳር አንባቢ ከእኔ አይማርም። ጣና ዳር ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ላይ ላለ ተማሪማ ምኑ ይወራል።

ሆኖም እኚሁ መምህር ሙሉ በሙሉ አልተቃወሙም። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ተማሪ ማታ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይቺ አልገባችኝም» ብላ ትጽፍላቸዋለች። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ይህን አግኝተው አያውቁም። ያልጻፉላቸው ልጆች ግን ገብቷቸው ይሁን ዳታ አጥተው፣ ወይም ስልኩ አባታቸው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ መለየት አልቻሉም። እኔም ብሆን አልችልም፤ ትምህርት ሚኒስቴር እንዴት እንደሚለየው ግን አንድ ቀን መጠየቄ አይቀርም።