የአልዲ ፌስታል

በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ትሬደር ጆስ የሚባለው ሱፐርማርኬት ለአንዲት ትንሽ የሸራ ቦርሳ ሰው ሲያሰልፍ ሰነበተ። ዋጋዋ 2 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የጠየቁባት ነበሩ። ይህን ሱፐርማርኬት በ1979 የገዛው ጀርመናዊው ቴዎ አልብሬሽት ነው፤ ከወንድሙ ከካርል ጋር ርካሹን ሱፐርማርኬት አልዲን ያቋቋመው ሰው። የአልዲ ፌስታል በበኩሉ ጀርመን ውስጥ ለብዙ ዘመን የችግረኛ ምልክት ሆኖ ኖሯል። የገዙትን ወደ ሌላ ሱቅ ፌስታል ገልብጠው ወደ ሰፈር የሚገቡ ነበሩ ይባላል።

ሁለቱም ሱቆች የዕቃውን ዓይነት አሳንሰው ይይዛሉ፤ አብዛኛውንም በራሳቸው ስም አሽገው ይሸጣሉ። አንዱ ማጌጫ ሌላው ማፈሪያ የሆነው፣ ሰው ሱቅን የሚመዝነው ከጎኑ በሚሰለፈው ሰው ስለሆነ ነው ባይ ነኝ። የትሬደር ጆስ መሥራች ጆ ኩሎምብ በ1967 ፓሳዴና ላይ ሲጀምር ያሰበው ብዙ ተምሮ ደመወዙ ያነሰውን ሰው ነበር። የአልብሬሽት ወንድማማቾች ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የተረከቡት ኤሰን ከተማ በማዕድን ሠራተኞች ሰፈር የነበረውን የእናታቸውን ሱቅ ነው። የአልዲ ስም ከዚያ ሰፈር ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ርካሽ የሚሆንበት መንገድ ግን ምሥጢር የለውም። አልዲ የገባ ሰው መጀመሪያ ጋሪው ላይ ሳንቲም ይከታል፤ ሳንቲሙን ለማስመለስ ጋሪውን ራሱ ይመልሳል፤ ጋሪ ሰብሳቢ ተቀጥሮ አያስፈልግም። ወተቱ የመጣበት ካርቶን ፊቱ ተቀዶ እንዳለ ይቀመጣል፣ አንድ በአንድ የሚደረድር የለም። ባርኮዱ በማሸጊያው ብዙ ጎን ስለታተመ ካሸሯ ዕቃውን ማገላበጥ አይጠበቅባትም፤ እያሳለፈች ትወረውራለች፣ ገዢው ጋሪው ላይ ይቀበላል፣ ሌላ ጠረጴዛ ሄዶ ይከታል። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የዕቃ ዓይነት ሲይዙ አልዲ በ2,000 ገደማ ይብቃቃል። ዓይነቱ ሲያንስ የአንዱ ብዛት ይጨምራል፤ አምራቹን ዋጋ የሚያስቀንሰውም ይኸው ነው። ስለዚህ ከዋጋው የጎደለው በአመዛኙ የመደርደሪያ ወጪ፣ የማስታወቂያና የሠራተኛ ሰዓት ነው። በ1964 የተቋቋመው የጀርመን የሸማቾች መርማሪ ተቋም ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስትም የአልዲንና የመሰሎቹን የራስ ምርት ከታወቁት ስሞች እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጦ ደጋግሞ መዝኗል።

ሐፍረቱ የለቀቀው ግን ምርመራ ተነቦ አይደለም። በ1990ዎቹ አልዲ ኮምፒውተር በርካሽ መሸጥ ሲጀምር ገና በማለዳ በሩ ላይ የተኮለኮለው ባለ ጥሩ መኪናው ነበር። እንግሊዝ ውስጥም ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ መካከለኛው ኗሪ ጎረፈ፤ በ2022 አልዲ ሞሪሰንስን አልፎ በአገሩ አራተኛው ትልቁ ሱፐርማርኬት ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ በርካሽ መግዛት እንደ ብልህነት ይወራለት ጀመር። ምርጫ ለሌለው ሰው ይህ ሁሉ ወሬ ምንም አልጨመረለትም፤ ድሮም የሚገዛው እዚያው ነው።

እኛም ከዚህ አናመልጥም። ከፍራንክፈርት የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከሚታጨቀው ቸኮሌት ስንቱ ከአልዲና መሰሉ ከሆነው የጀርመን ርካሽ ሱቅ ከሊድል እንደሆነ ማሸጊያውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሲደርስ ለእንግዳ የሚወጣ፣ ለልጆች በቁጥር የሚታደል ይሆናል። «ከሊድል ነው» ብሎ የሚሰጥ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሚያሳዝነው፣ ጥራቱን ስንጠራጠር መጠየቅ የነበረበት ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። በ2008 ጀርመን ውስጥ ሊድል ሠራተኞቹን በካሜራና በቅጥር ሰላዮች ሲያስከታተል፣ መጸዳጃ ቤት የሄዱበት ሳይቀር ሲመዘገብ እንደነበር ጋዜጠኞች አጋለጡ፤ ኩባንያው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። በዚያው ዓመት ገበሬዎች ዋጋው አላኖረን አለ ብለው ወተታቸውን ለማቀነባበሪያዎች መስጠት አቆሙ። ከዚህ በኋላ ሊድል የወተት ዋጋ በሊትር 10 ሳንቲም ጨመረ።

እነዚህን ሱቆች መንቀፍ የፈለገ ሰው በዚህ ይንቀፋቸው። ባለ ውድ ዋጋዎቹም ወተታቸውን ብዙ ጊዜ ከነዚያው ማቀነባበሪያዎች እንደሚያመጡ ግን አይርሳ።