አህያውን ማን ይጫንለት?

የህንድ መንግሥት በየዓመቱ በዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 3፣ በዋና ከተማው በኒው ዴልሂ ሽልማት ይሰጣል። ሽልማቱን የሚያስረክበው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። በሥራቸው ብልጫ ያሳዩ አካል ጉዳተኞች ይሸለማሉ። የእኔን ልብ የያዘው ግን ሌላው የተሸላሚዎች ወገን ነው። ባለፉት ዓመታት አካል ጉዳተኞችን የቀጠሩ አሠሪዎች፣ የብሬል ማተሚያ ቤቶች፣ ዐይነ ስውር ሊጠቀምበት የሚችል ድረ ገጽ የሠሩ ተቋማት፣ ሥራቸውን በሚገባ የተወጡ አስተዳደሮች ሳይቀሩ ተሸልመዋል። ፈተናው ለአካል ጉዳተኛው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ላለነውም ጭምር ሆነ ማለት ነው። ሽልማቱ ባዶውን አልቆመም፤ በ2016 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ከመንግሥት ሥራ መደቦች 4 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች እንዲጠበቅ ያዛል።

እዚያው ህንድ ውስጥ አንድ ክርክርም ተነሥቶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2015 መጨረሻ አካል ጉዳተኞች «ዲቭያንግ» ተብለው ይጠሩ አሉ። መለኮታዊ አካል ያለው እንደ ማለት ነው። ብዙ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ግን ተቃወሙ። ማዕረግ አልለመንንም፤ መግቢያና መውጫ፣ ትምህርትና ሥራ ነው የጠየቅነው አሉ።

ይህን ሳነብ የራሳችን ጉባኤ ነው ትዝ ያለኝ። እኛም ዘንድ ማዕረግ አይጠፋም። «እግዚአብሔር በአንተ ልዩ ዓላማ አለው» እንላለን፤ ከዚያ ወንድማችንን ከኋላ ወንበር እናስቀምጠዋለን። ወይም ገና ስሙን ሳንጠይቅ ወደ ፈውስ ሰልፍ እንገፋዋለን። ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ እጅ ጭኜም እጸልያለሁ። ነገር ግን ጌታችን በርጤሜዎስን እንኳ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠይቆታል። እኛ ምን ቸኮልን?

የሜምፊቦስቴን ታሪክ እስቲ እንደገና እንየው። አምስት ዓመት ሲሆነው ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዳዊት ከሎዶባር አስጠርቶ ከማዕዱ አቀረበው፤ ብዙ ስብከት እዚህ ላይ ያቆማል። ዳዊት ግን የአያቱን የሳኦልን እርሻ ሁሉ መለሰለት። አሥራ አምስት ልጆችና ሃያ አገልጋዮች የነበሩት ሲባም መሬቱን እንዲያርስለት አዘዘ። ርስትና ገቢ ሰጠው ማለት ነው። ምዕራፉ የሚዘጋውም ሁለት እግሮቹ ሽባ እንደ ነበሩ በመናገር ነው። ሳይፈወስ ባለ ርስት ሆነ፤ ሳይፈወስ ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ ተቆጠረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ብዙዎቻችን አንሰብከውም። ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ ሲባ የተጫኑ አህዮችና ስንቅ ይዞ መጣና ጌታውን በክህደት ከሰሰ። ዳዊትም ሜምፊቦስቴን ሳይሰማ ርስቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠ። ሲመለስ ግን ሜምፊቦስቴ ጢሙን ሳያስተካክል፣ ልብሱን ሳያጥብ በሐዘን ቆይቶ ተቀበለው። ለምን አብረኸኝ አልሄድህም ቢለው፣ አህያ ተጭኖልኝ ከአንተ ጋር ልሄድ ነበር፤ እግሬ ሽባ ነውና አገልጋዬ አታለለኝ አለ። አያችሁ? ማዕዱ በክብር ተሰጥቶታል፤ በመከራ ቀን ግን አህያውን የሚጭንለት አጣ። በቀረበትም ቀን በሌለበት ተፈረደበት። ዳዊት እውነቱን ከሰማ በኋላ እንኳ መሬቱን ለሁለት ከፈለው እንጂ ሙሉውን አልመለሰለትም።

በየአጥቢያችን ስንቱ «ቀዘቀዘ» እየተባለ ይታማል! የጎደለው ፍቅረ እግዚአብሔር ሳይሆን ደረጃ ላይ የሚያወጣው ሰው ሊሆን ይችላል። መስማት የተሳናት እህት አስተርጓሚ በሌለበት ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ምን ትካፈል? እኛ አገልጋዮችም ጥቅስ በፎቶ ላይ ጽፈን እንለጥፋለን፤ የዐይነ ስውሩ ስልክ የሚያነብለት ግን ጽሑፍን ነው። ቃሉን ከስሩም በጽሑፍ ብናሰፍር ምን ይከብደናል?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ለአዲስ ጸሎት ቤት ገንዘብ የምታሰባስቡ አጥቢያዎች፣ ንድፉ ሳይጸድቅ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውን ወንድም ከኮሚቴው ጋር አስቀምጡትና ስሙት። ተዳፋቱ መወጣጫም በበሩ ላይ አይቅር፤ እስከ መድረኩ ይድረስ። ሊሰብክ የሚወጣ ይኖራልና።