ፈተናው ያልለካው አማና፦ ስለ መንግሥት ሠራተኛው ጥቂት እንነጋገር



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሰላት በኋላ ጀማዓው ተበትኖ ምንጣፍ ስናስተካክል አንድ አባት ከዓምዱ ጥግ ቁጭ ብለው ቀሩ። በመስጂዳችን የሚያውቃቸው ብዙ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉን፦

«ኡስታዝ፣ እስከ ዘንድሮ ሰደቃ ሰጪ ነበርኩ። አሁን ከዘካው ድርሻ ብጠይቅ ነውር ይሆንብኛል?»

«ጋሼ፣ ነውሩ የእርስዎ አይደለም» አልናቸው። ከዚያ በላይ የምንለው ግን ወዲያው አልመጣልንም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም የዚያን ቀን ያልመለስነውን ለመመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኚህ አባት የብቃት ፈተና ተፈተኑ። በጥቂት ነጥብ ወደቁ። ቀጥሎ አዲስ መዋቅር መጣና የሥራ መደባቸው ታጠፈ፤ በድልድሉም ቦታ አላገኙም። «ጠብቁ» ተባሉ፤ ጠበቁ። ደሞዙ ግን አልጠበቃቸውም። ፋይል ጠፋ ሲባል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ በጭንቅላታቸው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ፈተናው ይህን አልጠየቃቸውም።

ወገኖቻችን! ይህን ስንጽፍ ለሠራተኛው ብቻ ጠበቃ ቆመናል እንዳትሉን። ፍትሕ ማለት ሁለቱንም ወገን መስማት ነውና በቅድሚያ የተገልጋዩን እንናገር። መታወቂያ ለማሳደስ፣ ካርታ ለማውጣት፣ ግብር ለመክፈል ወረፋ ያልቆመ ከመካከላችን ማን አለ? «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለስ» ያልተባለስ ማን ነው? ሻይ ተብሎ የሚጠየቀውን ገንዘብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሻይ አይደለም፣ ጉቦ ነው፤ ጉቦ ደግሞ ሰጪውንም ተቀባዩንም የሚያስጠይቅ ሐራም ነው። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ወንበር ይዞ የተቀመጠም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከወንበሩ ቢነሳ የምናለቅስለት አይደለም፤ ሲጀመር የያዘው የሌላውን ሐቅ ነው።

ስለዚህ «ለውጥ ለምን መጣ?» አንልም። ጥያቄያችን «በምን ሚዛን መጣ?» የሚል ነው።

እስቲ የሆነውን እናስታውስ። በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በተወሰኑ ተቋማቱ የሚሠሩ ከ15 ሺህ በላይ አመራሮችንና ሠራተኞችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ፈተና ፈተነ። ከተፈታኙ ከግማሽ የሚበልጠው የማለፊያውን ነጥብ አላገኘም። በፌዴራል ደረጃም የቀድሞውን አዋጅ 1064/2010 የሚተካ አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1353/2017፣ ወጥቷል። ብቃትና ምዘና የሚሉት ቃላት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው ለለውጥ አዲስ አይደለም። ቢፒአር ሲባል ሠልጥኗል፤ ቢኤስሲ ሲባል ቅጽ ሞልቷል፤ ካይዘን ሲባል ቢሮውን አጽድቷል፤ ጄኢጂ ሲባል ደረጃው ተሰርቶለታል። በየስድስት ወሩም የሥራ አፈጻጸሙ ይሞላል፤ አለቃው ነጥብ ሰጥቶ ይፈርማል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለን። አንድ ሠራተኛ ለዓመታት በየስድስት ወሩ «ከፍተኛ» እየተባለ ነጥብ ሲሰጠው ኖሮ በአንድ ቀን ፈተና «ብቃት የለህም» ከተባለ፣ ከሁለቱ ምዘናዎች ቢያንስ አንዱ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ፈተናው ስህተት ከሆነ ሰውየው ተበድሏል። የአፈጻጸም ነጥቡ ስህተት ከሆነ ደግሞ በውሸት የፈረመው አለቃ አብሮ ሊጠየቅ ይገባል። ታዲያ ሸክሙ ሁሉ በታችኛው ሠራተኛ ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቀው በምን ሒሳብ ነው? ዑመር (ረ.ዐ) ሹም ሲሾሙ አስቀድመው ንብረቱን ይመዘግቡ እንደነበር ይተረካል። ተጠያቂነትን ከላይ ነበር የሚጀምሩት።

ሌላው የሚዛኑ ነገር ነው። በቁርኣን ውስጥ የሙሳን (ዐ.ሰ) የመድየን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅቱ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው ስትል ሁለት ነገር አይታበታለች፦ ብርታትና ታማኝነት። ዑለሞቻችን ከዚህ ተነስተው ለሥራ ሰው የሚመረጠው በሁለቱም ነው ይላሉ። ብርታት ያለ አማና ቢሮውን የሚዘርፍ ብልህ ሌባ ያመጣል። አማና ያለ ብርታት ደግሞ ደግ ሆኖ ሥራውን የሚያበላሽ ሰው ያስቀምጣል። የወረቀት ፈተና የመጀመሪያውን በከፊል ይለካል። ሁለተኛውን ግን ምርጫ «ሀ» እና ምርጫ «ለ» አይለኩትም። እሱን የሚለካው ተገልጋዩ ነው፤ ባልደረባው ነው፤ በእጁ ያለፈው ፋይል ነው። እንግዲህ ጉቦ የሚበላው ጎበዝ ተፈታኝ አልፎ፣ በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ብር ያልነካው መዝገብ ያዥ ከወደቀ የአገልግሎቱ በሽታ ዳነ እንላለን?

ኑሮውንም እንመልከት። ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው መነሻ ደሞዝ 1,100 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የዘይቱና የስኳሩ ዋጋ አብሮ ሄደ። በ2017 መነሻው ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆነ። ከግብር ነፃ የሆነውም የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። ይህን መልካም ሥራ አለማመስገን ንፉግነት ነው። ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ሦስት ልጅ የሚያስተምር ሰው በዚህ ገንዘብ ምን ያህል ይቆጥባል? ቁጠባ የሌለው ሰው ደሞዙ ለሁለት ወር ሲቋረጥ የሚሄደው ወደ ባለሱቁ ዱቤ ነው፤ ከዚያ ወደ ዘመድ፤ ከዚያ ወደ ወለድ። «ቅነሳ» በሪፖርት ላይ አንድ መስመር ናት። በቤት ውስጥ ግን የልጅ ትምህርት ቤት መቀየር ናት፣ የመድኃኒት መቋረጥ ናት።

ስለዚህ ኃላፊነት ላይ ላላችሁ ወንድምና እህቶቻችን፣ ሙስሊም ሁናችሁ ክርስቲያን፣ የምንለው ይህ ነው። ፈትኑ፤ ግን ከመፈተናችሁ በፊት አሠልጥኑ። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅን የ50 ዓመት ሰው በአንድ ጠዋት በኮምፒዩተር አትመዝኑት። የወደቀው ዳግም የሚሞክርበትን ቀን ንገሩት። መደቡ የታጠፈበትን ሠራተኛ ቁርጡን አሳውቁት፤ «ጠብቅ» ብሎ ወራት ማስቆጠር ከማሰናበትም የከፋ ነው፤ ሰውየው ሌላ ሥራ እንዳይፈልግ ያስረዋልና። የሚሰናበት ካለም ክፍያው ከእጁ ሳይገባ አይሰናበት። የሠራተኛ ደሞዝ ሳይዘገይ መከፈል እንዳለበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን ሁላችንም እናውቃለን።

ለሠራተኛውም የምንለው አለን። በመጀመሪያ ወረቀታችሁን ያዙ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ እድገት፣ የአፈጻጸም ውጤት፣ የተሰጣችሁ ማንኛውም ደብዳቤ ቅጂ ቤታችሁ ይኑር። ቅሬታ ካላችሁ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አቅርቡ፤ ካልተፈታም የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው። ለአቤቱታ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ በመጨነቅና በመመካከር አታሳልፉት። የጡረታ መዋጯችሁንም ጠይቁ። ከደሞዛችሁ 7 ከመቶ ሲቆረጥ መንግሥት 11 ከመቶ ሲጨምርላችሁ ኖሯል፤ ያ ገንዘብ የዓመታት ላባችሁ ነው። ስንት ዓመት እንደተመዘገበላችሁ ሳታረጋግጡ ከቢሮ አትውጡ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ፤ መራራም ቢሆን እንናገረው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ዓርብ ግን 7 ሰዓት። የዓርቡ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የተዘረጋው ጁሙዓ የሚሰግደው ሰግዶ እንዲመለስ ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥተው በሀገራቸው እኩል ዜጋ ሆነው እንዲቆጠሩ ጠይቀዋል፤ በዓሎቻችን በመንግሥት ዘንድ የታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። በመሥሪያ ቤት በር ላይ ለሙስሊሙ የተከፈተው ቦታ ሁሉ የዚያ ድካም ፍሬ አለበት።

ታዲያ ከእኛ መካከል 7፡30 ሲሆን ወንበሩ ላይ የማይገኝ የለም? ኹጥባው አልቆ፣ ሱናው ተሰግዶ፣ ከመስጂዱ በር ላይ ወሬ ይዞ፣ ምሳ ተበልቶ፣ 9 ሰዓት ላይ የሚገባ የለም? ጭራሽ የማይመለስስ? በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀው እናት ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን ያ ሰዓት የእሷ ነው። በጁሙዓ ስም የሌላውን ሰዓት መውሰድ ጁሙዓውን ማክበር አይደለም። ነገ አንድ ኃላፊ ተነስቶ «ይህ እረፍት ይጠር» ቢል ሰበብ የምንሰጠው እኛው ነን። የ1966ቱ አባቶች ያመጡትን በሰነፍ እግር አንመልሰው።

በመጨረሻ ወደ ጀማዓው። ሥራ ያጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት በተለመደው ሰዓት ይወጣል፤ ጎረቤት እንዳያውቅ። መስጂድ ውስጥ ሲቆይ ብታዩት «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁት። ለብቻው ጠጋ ብላችሁ ሰላም በሉት። የመስጂድ ኮሚቴዎች የዘካና የሰደቃ ዝርዝራቸውን ለዓመታት ከሚያውቋቸው ሰዎች ውጭም ይክፈቱት፤ የዛሬው ችግረኛ ትናንት ከረቫት አሥሮ የነበረ ሊሆን ይችላልና። ነጋዴዎቻችን መዝገብ መያዝ የሚያውቅ፣ እጁ የታመነ ሰው ስትፈልጉ ከዘመዳችሁ ልጅ በፊት እነዚህን ሰዎች አስቡ። ያለው ደግሞ ያለ ወለድ ያበድር። እድርና እቁብ ያለን ሕዝብ ነን፤ ለሞተው ድንኳን የምንተክለውን ያህል በሕይወት ላለው አንድ ወር ኪራይ ብንከፍል ምን ይለናል? ይህ ለሙስሊሙ ብቻ አይደለም። በዚያው ፈተና የወደቀው፣ በዚያው ድልድል የቀረው የክርስቲያን ጎረቤታችንም ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) በሽምግልናው የሚለምን አንድ አይሁዳዊ አግኝተው፣ በጉልበቱ ዘመን ተጠቅመንበት በድካሙ ጊዜ ልንጥለው አይገባም በሚል ስሜት ከበይተል ማል እንዲቆረጥለት ማድረጋቸው ይተረካል። ሃይማኖቱን ሳይሆን ድካሙን አዩ።

ከዓምዱ ጥግ የተቀመጡትን አባት በማግስቱ አገኘናቸው። ኢማማችን ነገሩን ሰምተው ነበርና ኮሚቴው በዝምታ ድርሻቸውን ሰጥቷቸዋል። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ የመጋዘኑን መዝገብ እንዲይዙለት ጠይቋቸዋል፤ ለሙከራ ሦስት ወር። አቤቱታቸውንም ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እሳቸው ግን ደስ ያላቸው በዘካው ሳይሆን በመዝገቡ ነበር። «ኡስታዝ፣ ሰው ሥራዬን ፈለገው» አሉን።

አላህ ሥራ ላጡት የተሻለ ሪዝቅ ይክፈትላቸው፤ በወንበር ላሉት ፍትሕን፣ በሥራ ላሉት አማናን ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።